ስለ ሹጌዝና ስለ ኢንዲ ሙዚቃ ቤቶቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህን ሙዚቃ እንደምወድ ያወቀ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። ግማሹ ስለ ድምፁ፣ ግማሹ ስለ ገንዘቡ። እውነቱን ለመናገር ሁለቱ አይነጣጠሉም። ሹጌዝ ያደገው ሂሳብ የማይሆንላቸው ሰዎች ቤት ነው፣ የታመመውም ሂሳቡ ሲመጣ ነው። እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ሹጌዝ ምን ዓይነት ሙዚቃ ነው?

መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ፋይሉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ ነው። ጊታሩ ፀሐይ እንደመታው ካሴት ይንሻፈፋል። ዘፋኟ ከሦስት ክፍል ማዶ ሆና የምትዘፍን ትመስላለች። ደህና የሚሄደው ድራሙ ብቻ ነው። ደውዬ "ሌላ ኮፒ የለህም?" አልኩት። ሳቀብኝ። አልበሙ የማይ ብለዲ ቫለንታይን "ላቭለስ" ነበር፣ ሲሠራም እንደዚያው ነው የተሠራው።

ባጭሩ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የወጣ የጊታር ሙዚቃ ነው። ጊታሩ ይደራረባል፣ በዲስቶርሽን ይሻክራል፣ በኢኮ ይዋኛል። ድምፃዊው ግን አይጮኽም፣ ያንሾካሽካል። ከላይ ጩኸት፣ ከሥር እሹሩሩ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እስካሁን አላገኘሁለትም።

ስሙስ? "ጫማ ላይ ማፍጠጥ" ማለት አይደለም እንዴ?

ነው። ስድብም ነበር። ሙስ የሚባል የለንደን ባንድ ነበረ። ዘፋኙ ግጥሙን መድረኩ ወለል ላይ ለጥፎ እያየ ሲዘፍን ሳውንድስ የሚባለው የሙዚቃ ጋዜጣ ላይ ተጻፈበት። ከዚያ ኤንኤምኢ የሚባለው ጋዜጣ ተቀበለና ለሁሉም አደላቸው። ደግሞ ልጆቹ በርግጥም አቀርቅረው ነበር የሚጫወቱት። እግራቸው ሥር የተደረደሩ፣ የጊታሩን ድምፅ የሚቀያይሩ ፔዳሎች አሉ፣ በትክክለኛው ሰዓት ትክክለኛዋን መርገጥ አለባቸው። ቀና ብሎ ሕዝቡን እያዩ ያንን ማድረግ ይከብዳል።

ሜሎዲ ሜከር የሚባለው ሌላው ጋዜጣ ደግሞ "ራሱን የሚያወድስ ሰፈር" የሚል ስም አወጣላቸው። ምክንያቱ ባንዶቹ አንዱ የሌላውን ኮንሰርት እየሄዱ ስለሚያዩና አብረው ስለሚጠጡ ነው። እኔ ጥፋቱ አይታየኝም። ሰው የጓደኛውን ሥራ ካላየ የማንን ሊያይ ነው?

ኢንዲ ሲባል ከምን ነጻ የወጣ ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ "ኢንዲ" ስንል የዘፈን ዓይነት ይመስለናል። ያኔ ግን የጭነት ጉዳይ ነበር። ሸክላውን ማን ያሳትመዋል? ማንስ ጭኖ ሱቅ ያደርሰዋል? ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማተሚያውንም ማከፋፈያውንም በእጃቸው ይዘውት ነበር። እነሱን ሳትነካ ሸክላህ ሊቨርፑል ሱቅ ከደረሰ ኢንዲ ነህ። እንግሊዝ ውስጥ በጥር 1980 የጀመረው የኢንዲ ሰንጠረዥም መስፈርቱ ይኸው ነበር፤ ሙዚቃው ምን ዓይነት እንደሆነ አይጠይቅም፣ በማን እንደተከፋፈለ እንጂ።

የነገሩን መነሻ ብዙ ሰው በ1977 መጀመሪያ ላይ ያደርገዋል። ባዝኮክስ የሚባሉ የማንችስተር ልጆች 500 ፓውንድ ተበድረው የራሳቸውን ሸክላ አወጡ። መጀመሪያ 1,000 ኮፒ አሳተሙ፣ በኋላ 16,000 ደረሰ። በጣም የምወደው ግን ሽፋኑን ነው። እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደተቀዳና ምን እንደተጨመረበት ጽፈውበታል። "እንዲህ ነው የሚሠራው፣ እናንተም ሞክሩ" እንደማለት።

የጎደለው አከፋፋይ ነበር። እዚህ ላይ ራፍ ትሬድ ይመጣል። ጄፍ ትራቪስ በ1976 ምዕራብ ለንደን ውስጥ የሸክላ ሱቅ ከፈተ፣ በ1978 ደግሞ ማሳተም ጀመረ። ለእኛ ይህ ግልጽ ነው። አገራችንም አሳታሚው "ሙዚቃ ቤት" ነው የሚባለው፣ ሱቁ ይቀድማል። ራፍ ትሬድ በየከተማው ካሉ መሰል ሱቆች ጋር ተያያዘ። ሊቨርፑል ፕሮብ፣ ዮርክ ሬድ ራይኖ፣ ብሪስቶል ሪቮልቨር። ይህን ሰንሰለት "ካርቴል" አሉት፣ ለቀልድ።

ውላቸውስ? ብዙዎቹ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ ትርፉን እኩል ለእኩል ይካፈላሉ። አንዳንዱ በመጨባበጥ ብቻ። የማንችስተሩ ፋክተሪ ደግሞ ባሰበት፦ ሙዚቀኞቹ የሁሉም ነገር ባለቤት ናቸው፣ ድርጅቱ ምንም የለውም ብሎ ጻፈ። ያምራል። በ1992 ፋክተሪ ሲከስር አንድ ትልቅ ኩባንያ ሊገዛው መጥቶ ነበር፣ መዝገቡን ሲያገላብጥ ኒው ኦርደር የሚባለው ባንዱ ዘፈኖች የፋክተሪ ንብረት እንዳልሆኑ አወቀ። ታዲያ ምን ይግዛ? ትቶ ሄደ።

እኛ ጋ እንዲህ ዓይነት ነገር ነበር?

ሹጌዝ አልነበረም። ነጻ አሳታሚ ግን ከራፍ ትሬድ በፊት ነበረን። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሆነ። ማኅበሩ ደግሞ ያን ጊዜ ወጣቱ የሚጨፍርበትን ሙዚቃ ለማሳተም ብዙም አልቸኮለም። አምሃ እሸቴ የሚባል የ24 ዓመት ወጣት፣ እሱም የሙዚቃ ሱቅ ነበረው፣ በ1969 ትእዛዙን ወደ ጎን ብሎ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ህንድ ሄደው ነው የታተሙት። አገር ቤት ማተሚያ የለማ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ። ዛሬ ዓለም "ኢትዮጲክስ" እያለ የሚሰማው ብዙው ነገር ያኔ ያሳተመው ነው፤ ያንንም ተከታታይ ከ1997 ጀምሮ ያወጣው ቡዳ ሙዚክ የሚባል የፓሪስ ነጻ አሳታሚ ነው።

ክሪኤሽን ሪከርድስ ማን ነው? ሁሉም ሰው እሱን ይጠራል

አላን ማክጊ። የግላስጎው ልጅ ነው፣ ለንደን መጥቶ የምድር ባቡር መሥሪያ ቤት ይሠራ ነበር። ማታ ማታ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ኮንሰርት ያዘጋጃል። በ1983 ከዲክ ግሪንና ከጆ ፎስተር ጋር ክሪኤሽንን መሠረተ፣ መነሻው የ1,000 ፓውንድ የባንክ ብድር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ሽፋን እንኳን አልነበራቸውም ማለት ይቻላል፦ የታጠፈ ወረቀት፣ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ። አልቆ።

በ1984 ጂሰስ ኤንድ ሜሪ ቼይንን አገኘ። ከግላስጎው አጠገብ ካለች ኢስት ኪልብራይድ የመጡ ወንድማማቾች ናቸው። ጣፋጭ ዜማ ይሠሩና ላዩ ላይ የጊታር ጩኸት ይደፉበታል። የሹጌዝ አባት ማን ነው ካላችሁኝ እነሱ ናቸው፣ እናትየዋ ደግሞ ኮክቶ ትዊንስ የሚባለው ባንድ ነች። ወዲያው ትልቅ ኩባንያ ሥር ላለ ሌላ አሳታሚ ፈርመው ሄዱ። የኢንዲ ቤት ዕጣ ይኼው ነው። ታሳድጋለህ፣ ይወስዱብሃል።

ከዚያ በኋላ ክሪኤሽን የሹጌዝ ማደሪያ ሆነ። ማይ ብለዲ ቫለንታይን ከደብሊን፣ ራይድና ስወርቭድራይቨር ከኦክስፎርድ፣ ስሎውዳይቭ ከሬዲንግ። ስሎውዳይቮች ሲፈርሙ ገና ከሃያ ዓመት ያልዘለሉ ልጆች ነበሩ።

ፎር ኤዲ የሚባለው ሙዚቃ ቤትስ?

ጠባዩ ሌላ ነው። በ1980 አይቮ ዋትስ ራስል ከፒተር ኬንት ጋር መሠረተው፣ ገንዘቡ የመጣው ቤገርስ ባንኬት ከሚባል ሌላ ሙዚቃ ቤት ነው። ክሪኤሽን ሁካታ ከሆነ ፎር ኤዲ ጸጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ነው። ሽፋኖቹን ይሠራ የነበረው ቮን ኦሊቨር የሙዚቀኞቹን ፊት ብዙ ጊዜ አያሳያችሁም ነበር። ጨርቅ፣ ዝገት፣ ብዥ ያለ ነገር። ኮክቶ ትዊንስ እዚያ ነበሩ፣ በኋላም ለሽና ፔል ሴይንትስ። የለሽን የመጀመሪያ ሙሉ አልበም በ1992 ያቀናበረው ራሱ የኮክቶ ትዊንሱ ሮቢን ገስሪ ነው።

ይህ ሁሉ የነጭ ልጆች ሙዚቃ ነው አይደል?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ኤ አር ኬንን ስሙ። ከምሥራቅ ለንደን የመጡ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ አሌክስ አዩሊና ሩዲ ታምባላ። የአንዱ ቤተሰብ ከናይጄሪያ፣ የሌላው አባት ከማላዊ። ጊታርን በኢኮና በጩኸት አቅልጠው፣ የዳብ (በኢኮ የተሞላ የሬጌ ዓይነት) እና የጃዝ ነገር ጨምረው መሥራት የጀመሩት ብዙዎቹ የሹጌዝ ባንዶች ገና ሳይፈጠሩ ነው። በ1987 ፎር ኤዲ አንድ ሸክላ አወጣላቸው፣ በ1988 የመጀመሪያ አልበማቸው በራፍ ትሬድ ወጣ። "ድሪም ፖፕ" የሚለውን ስያሜ ለራሳቸው ሙዚቃ የተጠቀሙትም እነሱ ናቸው። በዚያው በ1987 ኤም ኤ አር አር ኤስ በሚል ስም ከሌሎች ጋር ሆነው እንግሊዝ ውስጥ አንደኛ የወጣ የዳንስ ሸክላ ላይም ተሳትፈዋል። ሆኖም የሹጌዝ ታሪክ ሲነገር ስማቸው መጨረሻ ላይ ነው የሚነሳው፣ ከተነሳ። ያናድደኛል።

ያ የሚንሻፈፈው የጊታር ድምፅ እንዴት ነው የሚወጣው? ስንት ፔዳል ያስፈልጋል?

አንድም ፔዳል ሳይኖር ግማሹን መንገድ መሄድ ይቻላል። የማይ ብለዲ ቫለንታይኑ ኬቪን ሺልድስ ዘዴው ቀላል ነው። ፌንደር ጃዝማስተር የሚባለው ጊታር ድልድዩ አጠገብ የብረት ዘንግ አለው። ስትጫኑት የክሮቹ ውጥረት ይላላል፣ ድምፁ ይወርዳል። ስትለቁት ይመለሳል። ሌላው ሰው ዘንጉን አልፎ አልፎ ነው የሚነካው። ሺልድስ ግን ዘንጉን መዳፉ ውስጥ ይዞ በዚያው እጁ ክሮቹን ይመታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምት ከዘንጉ ጋር ይወዛወዛል፣ ኮርዱ በሙሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሰካራም መርከብ ላይ እንደመቆም ነው። ማሲንቆ የለመደ ጆሮ ድምፅ ሲንሸራተት አይደነግጥም፣ እዚህ ግን ስድስቱም ክር አብሮ ነው የሚንሸራተተው።

ሁለተኛው ነገር ሪቨርስ ሪቨርብ ነው። ተራ ኢኮ ድምፁ ከተመታ በኋላ እየከሰመ ይሄዳል። ይኼኛው ተገልብጦ እያበጠ ይመጣል። ሺልድስ ያማሃ የሚሠራትን ኤስፒኤክስ 90 የምትባል ሳጥን ነበር የሚጠቀመው። ፔዳል ገዝታችሁ ኪሳችሁን ከማራቆታችሁ በፊት እጃችሁን አሠልጥኑ፣ ምክሬ ይኸው ነው።

"ላቭለስ" እውነት ክሪኤሽንን አክስሯል?

ተረቱ እንዲህ ነው፦ ባንዱ በ1989 መጀመሪያ ስቱዲዮ ገባ። ክሪኤሽን በአምስት ቀን ያልቃል ብሎ ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ ፈጀ፣ በ19 ስቱዲዮ ተዘዋወረ፣ 250,000 ፓውንድ በላ፣ ሙዚቃ ቤቱን አፋፍ ላይ አደረሰው። አልበሙ ኅዳር 1991 ወጣና የእንግሊዝ የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ ላይ 24ኛ ሆነ። ማክጊም አሰናበታቸው።

ሺልድስ ይህን ቁጥር አይቀበልም። ከተባለው በጣም ያነሰ ነው፣ አብዛኛውም ጊዜ ገንዘብ ሳይኖረን የባከነ ነው ይላል። እኔ ሁለቱንም አምናቸዋለሁ። ገንዘብ የሌለው ሙዚቃ ቤት የስቱዲዮ ኪራይ በሰዓቱ አይከፍልም። ካልተከፈለ ሥራው ይቆማል። ባንዱ ሌላ ስቱዲዮ ይፈልጋል፣ እንደገና ማይክ ይተከላል፣ እንደገና ድምፅ ይለካል። እንደዚያ እየሆነ ነው ርካሽ ነገር ውድ የሚሆነው። ቤት የሠራ ሰው ይገባዋል፦ ሲሚንቶ በኪሎ እየገዛህ ከሠራህ መጨረሻው በኩንታል ከገዛው ሰው በላይ ነው።

ደግሞ ክሪኤሽን በዚያው መኸር ያወጣውን ተመልከቱ። መስከረም 1991 የፕራይማል ስክሪም "ስክሪማደሊካ"፣ ኅዳር ላይ የቲንኤጅ ፋንክለብ አልበምና "ላቭለስ"። "ስክሪማደሊካ" በ1992 የመጀመሪያውን የመርኩሪ ሽልማት ወሰደ። ይህን ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያወጣ ቤት ለምን ዕዳ እንደገባ በአንድ ባንድ ላይ ማላከክ ይከብደኛል። ትልቅ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ በስድስተኛው ወር አካውንታንት ልኮ ያስቆመው ነበር። ክሪኤሽን ጋ የሚያስቆም ሰው አልነበረም። አልበሙም የኖረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ሞተ?

ብዙ ነገር በአንድ ላይ መጣ። በ1991 የራፍ ትሬድ ማከፋፈያ ወደቀ፣ ሸክላቸው በእሱ በኩል የሚሸጥላቸው ትንንሽ ቤቶች ገንዘባቸው ተያዘ። ከአሜሪካ ኒርቫና የሚባለው ባንድ መጣ። በ1992 ማክጊ የክሪኤሽንን 49 በመቶ ለሶኒ ሸጠ። በ1993 ግላስጎው አንድ ክበብ ውስጥ ኦኤሲስ የሚባል ባንድ አየና አስፈረመ። ከዚያ በኋላ ለሚያንሾካሽክ ማን ጊዜ አለው?

ጋዜጦቹም ጨከኑ። መጀመሪያ ሰማይ ሰቀሏቸው፣ በዓመቱ አወረዷቸው። ማኒክ ስትሪት ፕሪቸርስ የሚባለው ባንድ አባል ሪቺ ኤድዋርድስ ስሎውዳይቭን ከሂትለር አብልጠን እንጠላለን እስከማለት ደርሶ ነበር። ስለ ምን? ስለ ቀስ ያለ ዘፈን! ስሎውዳይቭ በ1993 "ሱቭላኪ"ን አወጡ፣ ጋዜጦቹ ቀጠቀጡት። በየካቲት 1995 ሦስተኛው አልበማቸው ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ክሪኤሽን ሸኛቸው። ራይድ በ1996 ተበተነ። የራይዱ አንዲ ቤል በ1999 የኦኤሲስ ቤዝ ተጫዋች ሆነ፤ ቤቱን ያፈረሰበት ሰው ቤት ተቀጠረ ማለት ነው። ክሪኤሽንም በዚያው ሰሞን ተዘጋ።

ዘንድሮ ልጆች ሁሉ ይሰሙታል። ተመልሶ ነው ወይስ ፋሽን?

ከሥሩ ጨርሶ አልጠፋም ነበር። ያቆዩትም እንደገና ትንንሽ ሙዚቃ ቤቶች ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በ1989 የተጀመረ ስላምበርላንድ የሚባል ቤት የአሜሪካን ጫጫታማ ፖፕ ከጥንቱ ያሳትም ነበር። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ፣ ሰፈራችሁ ነው። በርሊን ያለው ሞር ሙዚክ ደግሞ በ2002 የስሎውዳይቭን ዘፈኖች ሌሎች የተጫወቱበት ስብስብ አወጣ፣ ሰው ሁሉ ረስቷቸው በነበረ ጊዜ።

ማይ ብለዲ ቫለንታይን ከ"ላቭለስ" በኋላ ትልቅ ኩባንያ ጋ ፈርመው ነበር። አንድም አልበም አልወጣም። ከ21 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2013 አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ማንንም ሳይጠሩ በራሳቸው ድረ ገጽ አዲስ አልበም ለቀቁ። ገጹ ወዲያው ከሰው ብዛት ተዘጋ። ስሎውዳይቭ በ2014 መድረክ ላይ ተመለሱ፣ በ2017 በዴድ ኦሽንስ አዲስ አልበም አወጡ። ዴድ ኦሽንስ የአሜሪካ ኢንዲ ነው። አሁን ኮንሰርታቸው ላይ ፊት ለፊት የሚቆሙት "ሱቭላኪ" ሲወጣ ያልተወለዱ ልጆች ናቸው።

ግጥሙ አይሰማኝም። ጆሮዬ ነው?

ጆሮህ ደህና ነው። ሆን ተብሎ ነው የተቀበረው። እኛ ግጥም ካልሰማን ዘፈን የሰማን አይመስለንም፣ ሰምና ወርቅ እንፈልጋለን፣ ስንኙን ከዜማው ነጥለን ተነጋግረንበት ነው የምንጠግበው። እዚህ ያ አይሠራም። የኮክቶ ትዊንሷ ኤልዛቤት ፍሬዘር ብዙ ዘፈኖቿ ላይ ትርጉም ያለው ቃል አትጠቀምም፣ ድምፁ የጣማትን ነው የምትለው። የማይ ብለዲ ቫለንታይኗ ዘፋኝ ቢሊንዳ ቡቸር አንዳንዱን የ"ላቭለስ" ዘፈን የቀዳችው ከእንቅልፏ ተቀስቅሳ፣ ገና ሳትነቃ ነው። ድምፁን እንደ አንድ መሣሪያ አድርጋችሁ ስሙት። ክላሪኔት ምን አለ ብላችሁ አትጠይቁም አይደል?

ከየት ልጀምር?

ከ"ሱቭላኪ"። ለስለስ ያለ ነው፣ አያስደነግጥም። ቀጥሎ የራይድ "ኖዌር"፣ እሱ ላይ ድራሙ ብቻውን ያስኬዳችኋል። ከዚያ ኤ አር ኬን። "ላቭለስ"ን መጨረሻ ላይ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳታቋርጡ። ሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙት ነው የሚገባው። በታክሲ መንገድ ላይ አይሆንም፣ ረዳቱ ያሸንፈዋል።

ድምፁን ምን ያህል ላድርገው?

ማይ ብለዲ ቫለንታይን ኮንሰርት ላይ በር ላይ የጆሮ መድፈኛ ያድላሉ። መጨረሻ ላይ የሚጫወቱት አንድ ዘፈን አለ፣ መሃሉ ላይ አንድ ኮርድ ይይዙና ለደቂቃዎች ብቻውን ያስጮኹታል፣ ሃያ ደቂቃ የደረሰበት ጊዜም አለ። ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል። የቀረው ደግሞ ፈገግ ይላል። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ግን የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ስስ ነው፣ ከላይ ያሉትን እናት አስቡ።